መቶ ሃያ መጻሕፍትና አንዲት ፍየል

ስቶን ማውንቴን፣ ጆርጂያ
ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለመምህርት ዘሪቱ፤

ሐይቁን የሚያረጋ፣ ጀልባውንም ከነሰው የሚያሻግር አምላክ አንቺን፣ እናትሽን አበዛሽንና መላውን የሲመላ ደሴት ሰው በሰላም ያኑርልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ነው፤ ስለዚህ አልወጣም።

መጽሐፉ ታትሟል። ይህቺን አጭር ነገር ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ መስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ ባለችው ፋታ ትኬት ጀርባ ላይ ስጭር የኖርኩት ሁሉ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። በሲመላ አፍ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ዳኛቸው የሚባል የማተሚያ ቤት ባለቤት ፊደሉን ሲለቅም "ጋሼ፣ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ግን ደስ ይላል" አለኝ።

ዲኬተር ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሔለን የምትባል የአገራችን ልጅ አንድ መጽሐፍ ሰጥታኝ ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ ስለኖረ ገጣሚ ነው። ቋንቋው ኦክሲታን ይባላል፤ የገበሬና የእረኛ አፍ ነው ተብሎ የተናቀ ነበር። ሰውየው ቃሉን ከየመንደሩ እየለቀመ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሠራ፤ በዚያው በተናቀው አፍ ረጅም ግጥም ጽፎ የዓለምን ሽልማት አገኘ። የሕይወት ታሪኩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሱ ከመንደሩ ሳይርቅ ነው የሠራው፤ እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ለትምህርት ወጥቼ፣ በኬንያ አድርጌ፣ እዚህ ድረስ። ግን እናቴን ይዤ ነው የወጣሁት። እናቴ ከደሴት ደሴት እየተጠራች ስትገጥም ጀልባው ላይ አብሬያት ነበርኩ፤ ቤቱንም ምቱንም ከእሷ ነው የወሰድኩት። እያንዳንዱ ግጥም ልክ እንደ እሷ ሦስት ጊዜ ስም በመጥራት ይከፈታል፣ መቅዘፊያ በማስቀመጥ ይዘጋል።

መቶ ሃያውን ቅጂ መነን የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ይዛ ትመጣለች። ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው ቋንቋውን አይናገረውም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱ መጣ። ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ለአንደኛ ክፍሎቹ የመጀመሪያውን ግጥም አንብቢላቸው። ስለ ዶሮ ነው፤ ልጅ ዶሮ ይወዳል። የትኛውን እንደወደዱት ጻፊልኝ፤ በስልክ አይሁን፣ እዚያ መስመሩ እየተቆረጠ እዚህ እኔ እየጮህኩ ማሂ ልጄ ትስቅብኛለች።

ሰላምሽን ከሐይቁ ማዶ የምጠብቅ፣
አጎትሽ ፍቅረማርያም

ሲመላ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ፍቅረማርያም፤

ያለንበትን የማይረሳ ጌታ እርስዎንም ባሉበት ያስብልን። ጉልበትዎን ይማርልን፤ እማዬ ቅባት ላኪለት ብላኝ ነበር፣ መልእክተኛው ጠርሙሱ ይፈሳል ብሎ እምቢ አለ።

መጻሕፍቱ ደርሰዋል። በፕላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከሲሚንቶ ጋር በአንድ ጀልባ ነው የመጡት። ሰው ሁሉ ወደቡ ድረስ ወርዶ ነበር። መሪጌታ ሕዝቅያስ አንዱን አውጥተው ተሳለሙት፤ እማዬ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶዎን ስታይ "ሸብቷል እንዴ!" ብላ ሳቀች። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

ተማሪዎቹ አሁን ፈተና ላይ ናቸው። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ ገና ነው። ዶሮዋን እኔ ራሴ አንብቤአታለሁ፤ በጣም የምታምር ግጥም ናት።

እማዬ ዓይኗ ደክሟል። ቢቻልዎ የማንበቢያ መነጽር ይላኩላት፤ መጽሐፉን ራሷ ማየት ትፈልጋለች።

እጅ ነሥቻለሁ፣
ዘሪቱ

ስቶን ማውንቴን
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፤

ጾሙን በሰላም የሚያስጀምር ለፋሲካውም ያድርሳችሁ። መነጽሩን ልኬአለሁ። ሦስት ዓይነት ነው፤ አበዛሽ የሚስማማትን ትምረጥ፣ የቀረውን ለመሪጌታ ስጪልኝ።

እዚህ አቮንዴል እስቴትስ ባለች ትንሽ አዳራሽ መጽሐፉን አስመረቅን። ስድሳ ሰው መጣ። ስድሳውም ቋንቋውን አያውቅም። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ሁለት ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። ትርጉሙ ሳይገባቸው ድምፁ ብቻ አስለቀሳቸው፤ ግጥም ማለት ይህ ነው ብዬ ኮራሁ። ግሩም የሚባል ወዳጄ "ፍቅሬ፣ ይሄ ነገር ልብ ይበላል" አለኝ።

ፈተናው አልቋል መቼም። ልጆቹ እንዴት ሆኑ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ስድሳ ሰው አጨበጨበ አላጨበጨበ ለእኔ ምንም አይደለም። አንድ የሲመላ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ አንዱን ግጥም በቃሉ ሲል ካልሰማሁ መጽሐፉ ወረቀት ነው፣ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ትኬት ሳቆሽሽ ኖርኩ ማለት ነው። ለመስከረም ልመጣ አስቤአለሁ። ማሂ ቲኬቱን ቡክ አደርግልሃለሁ ብላኛለች። ወደቡ ላይ ስወርድ አንድ ልጅ ዶሮዋን ቢልልኝ ሌላ መቀበያ አልፈልግም።

ናፋቂሽ፣
ፍቅረማርያም

ሲመላ
ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ፍቅረማርያም፤

በተነሣው ክርስቶስ ስም ሰላም እልዎታለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። የጀልባው ሞተር ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት በመቅዘፊያ ነው የተሻገርነው፤ የደብዳቤው መዘግየት ከዚያ ነው።

መጻሕፍቱን እርጥበት እንዳይነካቸው ከፍ ያለ ቦታ አድርገናቸዋል። ልጆቹ ሰላም ይሉዎታል። እማዬ መነጽሩ ልክ ሆነላት፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። "ይምጣ፣ ግን አይቸኩል" ብላለች።

ዘሪቱ

ስቶን ማውንቴን
ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ጤና ጠይቄ ወሬ አላበዛም።

ንዋይ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ለእረፍት አገር ቤት ሄዶ ሲመላ ድረስ መጥቶ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ዋዛ ነገረኝ። መጻሕፍቴ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከጃንጥላዎቹ ጎን፣ በሲባጎ እንደታሰሩ ተደርድረዋል አለኝ። ከሁለት ሦስቱ በቀር የተፈታ የለም አለኝ። ልጆቹ ሰላም ይሉዎታል ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የሰማሁት።

ፈተና፣ ገና፣ ሞተር፣ ዝናብ። ይበቃል ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሰዎቹ በቋንቋችን አፍረው ነው? ወይስ በእኔ ነው? ንገሪኝ።

ፍቅረማርያም

ሲመላ
ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ፍቅረማርያም፤

ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፍ ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልዬ ነው የተቀመጥኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። እንዴት እንደምነግርዎት ሳስብ ወሩ ያልፋል፤ ወሩ ባለፈ ቁጥር ደግሞ መናገሩ ይብሳል።

አንብቤላቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ ደብዳቤውን ከመጻፌ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እንዳሉኝ ከባንዲራው በኋላ ዶሮዋን ከፈትኩ። ዶሮዋን ሦስት ጊዜ በስሟ ጠራኋት። አራተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ ገሊላ የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪዬ እጆቿን ራሷ ላይ አድርጋ "ማን ሞተ?" ብላ ጮኸች። ሌሎቹ ተከተሏት። ውኃ ልትቀዳ የወረደች እናቷ እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግማሹ ደሴት ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ማን እንደሞተ ግን የሚያውቅ የለም።

ማታ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። መሪጌታ ሕዝቅያስ እያንዳንዱን ግጥም አነበቡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "ልጁ ገጣሚ ነው። የእናቱን እጅ ወርሷል። ግን ይህ ሁሉ ሙሾ ነው። በቁም ላለ ሰው ስም ሦስት ጊዜ ጠርቶ መቅዘፊያ ማስቀመጥ ሟርት ነው፤ ሕፃናት ላይ አይነበብም።" መጻሕፍቱን ያስቀመጡት ንቀው አይደለም። ይልቅስ አክብረው ነው፣ ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር።

እማዬ ነገሩን ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። እናትዎ ገጣሚ ብቻ አልነበሩም፣ የሐይቁ አልቃሽ ነበሩ። ከደሴት ደሴት የሚጠሩት ለለቅሶ ነበር፤ እርስዎም ከጀልባው ወርደው ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞሩ ነው ያደጉት። ቋንቋውን ከዚያ ነው ይዘውት የወጡት። ይህ ደግሞ የእርስዎ ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛም እዚህ ቁጭ ብለን የገበያውን፣ የትምህርቱን፣ የፍቅሩን በሌላ ቋንቋ እያደረግን፣ ለሲመላ አፍ የተውንለት ለቅሶውን ብቻ ነው። ገሊላ በሕይወቷ ይህን አፍ የሰማችው አያቷ የሞቱ ቀን ነው። ስትሰማው ምን ታድርግ?

እኔ ብቻዬን ሳነበው አልቅሻለሁ። ጥሩ ግጥም ነው፣ ይህን ለማባበል አልጻፍኩትም። ለሕያው ሰው ግን አይሆንም። ይቀየሙኝ፣ ግን ዝም አይበሉኝ።

ዘሪቱ

ስቶን ማውንቴን
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሪቱ፤

አምስት ወር ዝም አልኩሽ። የጠየቅሽኝን አንዲት ነገር ከለከልኩሽ፤ ይቅር በይኝ። ቲኬቱን ሰረዝኩት። የቀሩትን መጻሕፍት ጋራዥ ውስጥ ከጎማው ኋላ ከተትኳቸው። መሪጌታ ሕዝቅያስን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተሟገትኳቸው መሰለሽ፤ ሁሌም እኔ ነበርኩ የምረታው፣ ግን አልደሰትም።

አንድ እሑድ ማሂ ከቤተ ክርስቲያን ስታመጣኝ ነገሩን ሳላስበው ነገርኳት። መኪናውን ፓርክ አድርጋ፣ "ዳድ፣ ላይክ፣ አንተ በሲመላ ያስተማርከኝ ነገር ሁሉ እኮ ያሳዝናል። ልጅ ሆኜ ልታስተኛኝ ስትዘፍንልኝ ለምን እንደማለቅስ አላውቅም ነበር" አለችኝ። እንግዲህ ልጄን በሙሾ ነበር ያሳደግኳት። ስቄም አለቀስኩ፣ አልቅሼም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን እፈትናለሁ። በሲመላ አፍ ልጅን "እግርህን ታጠብ" ማለት ጠፋኝ። "ሾርባው ጨው በዛበት" ማለትም። ጎረቤት ሲያበሳጭ የሚባለውን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም፤ እኔ የማውቀው ያው ጎረቤት ሲሞት የሚባለውን ነው። ያ የፈረንሳዩ ሰው ቃሉን ከገበሬው፣ ከእረኛው፣ ከመንገደኛው ሁሉ ነበር የለቀመው። እኔ ከአንዲት እናቴ ብቻ ለቅሜ ቋንቋ አነሣሁ አልኩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ልጁ ሽማግሌ ሆኖም እንኳ ያው ነው።

እባክሽ አበዛሽን ጠይቂልኝ። ስድብ እፈልጋለሁ። የልጅ ስድብ፣ የአማት ስድብ፣ ለሰነፍ ቀዛፊ የሚባል። ጨዋታ ስትጫወቱ እንዴት ትቆጥራላችሁ? ፍየል እንዴት ይባረራል? ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ፣ ሌላ ወሬ አልፈልግም።

ያፈረ ግን ያልተቀየመ፣
አጎትሽ

ሲመላ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ ሲደርስ እማዬ ተኝታ ነበር፤ ሳነብላት ተነሥታ ተቀመጠች። ስድብ የሚለው ጋ ስንደርስ "ወረቀት አምጪ" አለች።

አሥራ አንድ ገጽ ነው። ዐርባ ሦስት ስድብ አለበት፤ ስድስቱን ለመጻፍ አፍሬ በነጥብ አልፌዋለሁ፣ ሲመጡ እሷ ትነግርዎታለች። የቀረው ጨዋታ፣ ቆጠራ፣ የጀልባ ዕቃ ስም፣ ለጥጃ የሚባል፣ ለሙሽራ የሚባል ነው። እኔ ራሴ ከግማሹ በላይ አላውቀውም ነበር። ስትነግረኝ ጎረቤት ይሰማና ገብቶ ይጨምራል፤ መሪጌታ ሕዝቅያስ ሳይቀሩ መጥተው አንድ ስድብ አዋጡ፣ ከዚያም ማንም እንዳይሰማ አሉ። ቤታችን ለሦስት ቀን ሲስቅ ሰነበተ።

እማዬ ትንሽ ትደክማለች። የብርድ ነው ትላለች።

ዘሪቱ

ስቶን ማውንቴን
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፤

አበዛሽን ያበርታልኝ። ገጾቹን ይዤ ነው የምውለው፤ ስድቦቹን ሳነብ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ከጎኔ ተነሣ።

መጽሐፍ አይደለም የላክሁልሽ፤ አንዲት ወረቀት ናት። ጀልባ ላይ ወጥታ አልወርድም ስላለች ፍየል ነው። ባለቤቷ ይለምናታል፣ ቀዛፊው ይሰድባታል፣ ቄሱ ይገዝታታል፣ በመጨረሻ ቅጠል ሲያሳዩአት ትወርዳለች። ስም ሦስት ጊዜ የተጠራበት ቦታ የለም፤ መቅዘፊያም አልተቀመጠም፣ ፍየሊቱን ሊመቱበት ነው የተነሣው። መጀመሪያ ለመሪጌታ አሳዪአቸው። እሳቸው ከፈቀዱ ለልጆቹ።

ስሜን ከታች ጎላ አድርጌ ጽፌአለሁ። ማን እንደገጠመው ይወቁ፤ ይህቺን ያህል ኩራት አትንፈጊኝ።

ፍቅረማርያም

ሲመላ
ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

የሚያጽናና አምላክ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስልኝ። እማዬ ግንቦት 14 ቀን ዐረፈች። በስልክ እንዳልነግርዎት ያለችኝ ራሷ ናት፤ "ቁጭ ብሎ ያንብበው፣ መንገድ ላይ እንዳይሰማው" አለች።

አልቃሽ አልነበረንም። የመጨረሻዋ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያኔ መሪጌታ ሕዝቅያስ ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤት ሄዱ። ሲባጎውን ራሳቸው ፈትተው መጽሐፍዎን አመጡ። ስለ ንጋት የጻፉትን ከፍተው የንጋትን ስም በአበዛሽ ስም ተክተው አነበቡ። ሦስት ጊዜ ሲጠሯት ሴቶቹ ተቀበሉ። ድፍን ሲመላ ከመጽሐፍ በተነበበ በራሱ አፍ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። መቅዘፊያው ሲቀመጥ እናቴ በክብር እንደሄደች አወቅሁ። ከአርባዋ በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቅጂ ወሰደ። ዕቃ ቤት የቀረ የለም።

ፍየሏን ደግሞ እንዲህ ልንገርዎት። መሪጌታ ሚያዝያ ላይ ፈቅደው ለልጆቹ አንብቤላቸው ነበር። ወረቀቷ ከእጅ እጅ ስትዞር ጀልባ ላይ ረጥባ ተቀዳደደች፤ ስምዎ ያለበት ታችኛው ክፍል መጀመሪያ ሄደ። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልተከታተልኩም። ባለፈው ሳምንት ወደብ ስወርድ ልጆቹ ጀልባ እየጎተቱ ሲያዜሙ ሰማሁ። በሲመላ አፍ ነው። የእርስዎ ፍየል ናት። ጉተታው ላይ አንዱ ይሰድባታል፣ ሌላው ይመልስላታል፤ የእማዬም ስድብ አለበት። መጨረሻዋን ግን ለውጠውታል። ፍየሊቱ አትወርድም። ሊያወርዳት የሄደ ሰው ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ገሊላን ጠራኋትና ይህን ማን ገጠመው ብዬ ጠየቅኋት። እንደ ሞኝ አየችኝ። "ማንም አልገጠመውም። የኛ ነው" አለችኝ።

ስምዎን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ያደረግሁት ልክ ይሁን ስሕተት አላውቅም፤ ኩራቴን አትንፈጊኝ ብለውኝ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል። ንገሪያት ካሉኝ ነገ እነግራታለሁ።

ዘሪቱ

ስቶን ማውንቴን
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሪቱ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኛንም ያጽናን። እንዳለችው ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። እህቴን በጽሑፌ መሸኘቴን ሳውቅ፣ ከጋራዡ አንድ ቅጂ አውጥቼ ያንኑ ግጥም በስሟ አነበብኩት። ማሂ አብራኝ ተቀመጠች። አሁን ቦታው ገብቶኛል፣ መጽሐፉም ቦታውን አገኘ።

ስለ ገሊላ አንድ ቀን ሙሉ ተከፍቼ ዋልኩ፤ አልደብቅሽም። ማታ ላይ ግን ለማሂ ስነግራት ድምፄ ሲስቅ ሰማሁት። አትንገሪያት።

ፍየሊቱን ማውረዴ ስሕተት ነበር፤ የእነሱ ይሻላል። አንቺ ሐይቅ ውስጥ የምትወድቂበትን መስመር ልክ እንደሚሉት አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ሳታፍሪ፣ ያለ ነጥብ። ጥቅምት ላይ ስመጣ ጀልባውን አብሬያቸው ልጎትት ነው፤ ከአሁኑ በቃሌ ላጥናው።

ፍቅረማርያም